በሩ ለምን ይጣመማል? ቱቦላሬ ውስጥ ታምቆ ስለሚቀር ጉልበት

ጅማ ውስጥ የብረት በር ያሠራ ሰው ይህን ክርክር ሳይሰማው አይቀርም። በሩ ተበይዶ አልቋል። ቀለም ሊቀባ ሲል አንደኛው ክንፍ ወደ ውጭ ወጣ ብሎ ይገኛል። ስኳድራ ሲያስጠጉበት ማዕዘኑ አልገጥም ይላል። ባለቤቱ «ወንድሜ፣ ይሄማ ጠማማ ነው» ይላል። በያጁ «ወላሂ ስቆርጠው ልክ ነበር፤ ብረቱ ነው» ብሎ ይምላል። ከዚያ ነገሩ ወደ ሻጩ ይዞራል። «የዘንድሮ ብረት ምኑ ብረት ነው» ይባላል። ሦስቱም ተቀያይመው ይለያያሉ።

በዚህ ክርክር ብዙ ጊዜ የሚጎዳው በያጁ ነው። ክፍያው ይቀነስበታል፤ ስሙም ይጠፋል። ሲለካ ተሳስቶ ወይም ተቻኩሎ ሊሆን እንደሚችል አልክድም። ብረቱም ውፍረቱ ከተባለው ያነሰ ሊሆን ይችላል። ግን ልኩ በትክክል ተወስዶ፣ ብረቱም ደህና ሆኖ፣ በሩ የሚጣመምበት ምክንያት አለ። በሩ የሚሠራበት ባዶ የብረት ቱቦ፣ ቱቦላሬው፣ ጅማ ከመድረሱ በፊት ውስጡ ገብቶ የተቀመጠ ጉልበት ነው። መሐንዲሶች ቀሪ ውጥረት ይሉታል። ማንም ሳይጫነው፣ ማንም ሳይጎትተው፣ ብረቱ በራሱ ውስጥ ይዞት የሚኖረው ውጥረት ማለት ነው። ይህን የሚያውቅ በያጅ በሩን ቀጥ አድርጎ የማስረከብ ዕድሉ ሰፊ ነው። ይህን የሚያውቅ ባለቤትም ሰውን ከመውቀሱ በፊት ቆም ብሎ ያስባል።

ከአሠራሩ እንጀምር። በየብረታ ብረት ሱቁ ደጃፍ ተደርድሮ የምናየው ባለ 6 ሜትር በርጋ መጀመሪያ ቱቦ አልነበረም። ላሜራ ነበር። ላሜራው ፋብሪካ ውስጥ በትልቅ ጥቅል ይመጣል። በሚፈለገው ስፋት በቁመቱ ይሰነጠቃል። ከዚያ በተደረደሩ የብረት ሮለሮች መካከል ያልፋል። የመጀመሪያዎቹ ሮለሮች ጠርዞቹን ትንሽ ብቻ ያነሳሉ። ቀጣዮቹ ይበልጥ ያጎብጡታል። መጨረሻ ላይ ሁለቱ ጠርዞች ፊት ለፊት ይገናኛሉ። እዚያ ላይ ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ያለው ኤሌክትሪክ ጠርዞቹን ብቻ በቅጽበት ያግላቸዋል። ሮለሮቹ ደግሞ አንዱን ጠርዝ ከሌላው ጋር ጨምቀው ያጣብቁታል። ኤሌክትሮድ የሚባል ነገር የለም። በውጭ በኩል የወጣው ትርፍ ይላጫል። በውስጥ በኩል ያለው ብዙ ጊዜ እንዳለ ይቀራል። ቱቦላሬ ቆርጠው ወደ ውስጥ ቢያዩ ከዳር እስከ ዳር የሚሄደው ቀጭን ጉብታ እሱ ነው።

ከብየዳው መስመር በስተቀር ይህ ሁሉ የሚሆነው ብረቱ ሳይግል ነው። ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ቀይ እስኪሆን የጋለ ብረት ሲታጠፍ ይላላል፤ የታጠፈበትን ጉልበት ብዙም አይዝም። ቀዝቃዛ ብረት ግን የተደረገበትን ይዞ ይቆያል።

ምን ያህል እንደሚይዝ በቁጥር ማየት ይሻላል። ተራ ለስላሳ ብረት 1 ሜትር ርዝመት ኖሮት ቢጎተት እስከ 1.1 ሚሊ ሜትር ድረስ ይለጠጥና ሲለቁት ወደ ቦታው ይመለሳል። ከዚያ በላይ ከተጎተተ ሙሉ በሙሉ አይመለስም። አሁን 1.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ላሜራ ዲያሜትሩ 50 ሚሊ ሜትር ወደሆነ ቱቦ ሲጎብጥ እንይ። የውጭው ገጽ ይለጠጣል። የውስጡ ይጨመቃል። መሃሉ ብቻ ባለበት ይቆያል። የውጭው ገጽ ምን ያህል እንደተለጠጠ ለማወቅ ውፍረቱን ለዲያሜትሩ ማካፈል በቂ ነው። 1.5 ለ50 ሲካፈል 3 በመቶ ይመጣል። በሜትር 30 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ብረቱ ችሎ የሚመለሰው 1.1 ነው፤ የተደረገበት 30 ነው። ከጠቅላላው 1.5 ሚሊ ውፍረት ውስጥ የመመለስ አቅሙ ያልታለፈበት መሃል ላይ ያለ፣ ከ0.06 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ስስ ንጣፍ ብቻ ነው።

እንደዚያም ሆኖ እያንዳንዱ ንጣፍ ትንሽ ትንሽ መመለስ ይፈልጋል። ላሜራ ያጠፈ ሰው ያውቀዋል። 90 ዲግሪ አጥፈው ሲለቁት ትንሽ ይከፈታል። ቱቦውም መከፈት ይፈልጋል። ግን ጠርዞቹ በተገናኙበት ቅጽበት ተበይደዋል። የመከፈት ፍላጎቱ ውስጥ ታፍኖ ቀረ። ከዚያ በኋላ በዙሪያው የውጭው ገጽ እንደተጎተተ፣ የውስጡ ገጽ እንደተጨመቀ ይኖራል።

ታዲያ ቱቦው ለምን ዝም ብሎ ይቀመጣል? የተጎተተውና የተጨመቀው እኩል ስለሆኑ ነው። ትምህርት ቤት ገመድ ጉተታ ያላየ የለም። ሁለቱ ቡድኖች እኩል ሲሆኑ ገመዱ ንቅንቅ አይልም፤ ግን ተወጥሯል። ከአንዱ ወገን ሁለት ልጆች ቢለቁ ሁሉም ነገር ወደ ሌላው ወገን ይሄዳል። ቱቦላሬ መቁረጥ፣ መብሳት፣ በግራይንደር መላጥ፣ ማጋል፣ እነዚህ ሁሉ ከአንድ ወገን ሰው መቀነስ ናቸው። ብረቱ አዲስ ሚዛን ፍለጋ ይንቀሳቀሳል። እኛ «ተጣመመ» የምንለው ይህን ፍለጋ ነው።

ነገሩን በዓይን ለማየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ዲያሜትሩ 50 ሚሊ ሜትር የሆነ ክብ ቱቦ፣ ርዝመቱ 15 ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ቁራጭ ይውሰዱ። ዲያሜትሩን በካሊፐር በጥንቃቄ ለክተው ይጻፉ። ከፋብሪካው የብየዳ መስመር ራቅ ባለ ጎን ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ያለ መስመር ያስምሩ። ሞርሳ ላይ ሳያጠብቁ ያዝ አድርገው በሴጌቶ መስመሩን ተከትለው ይሰንጥቁት። ግራይንደር ያፈጥናል፤ ግን ብረቱን ያግለዋል፤ ሙቀቱ ደግሞ ውጤቱን ያበላሻል። መጀመሪያ ላይ ምንም የሚታይ ነገር የለም። ሴጌቶው እየገፋ ሲሄድ ከኋላው ያለው ክፍተት ከምላጩ ውፍረት በላይ እየሰፋ ይመጣል። ምላጩ እንደልቡ መመላለስ ይጀምራል። የመጨረሻዋ ቀጭን ክር ስትቆረጥ ቱቦው ጠቅ ብሎ ይከፈታል። እጅ ላይ ይሰማል።

አሁን ዲያሜትሩን እንደገና ይለኩ። 50 የነበረው 51 ሆነ እንበል። 1 ለ50 ሲካፈል 0.02 ነው። 1 ለ51 ሲካፈል 0.019608 ነው። ልዩነታቸው 0.000392 ይሆናል። ይህን በውፍረቱ በ1.5፣ ከዚያም ብረት ለመለጠጥ ያለውን ግትርነት በሚገልጸው በ210,000 ያባዙት። 124 ግድም ይመጣል። በየካሬ ሚሊ ሜትሩ 124 ኒውተን ማለት ነው። በኪሎ ሲቆጠር 12 ኪሎ ተኩል ያህል ነው። የአውራ ጣት ጥፍር በምታህል 1 ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ ሲሰላ 12 ኩንታል ተኩል ይሆናል። የውጭው ቆዳ በዚህ ያህል ጉልበት ተጎትቶ ነበር። የውስጡ ደግሞ በዚያው ያህል ተጨምቆ ነበር። የተራ ብረት አቅም በየካሬ ሚሊ ሜትሩ 235 ኒውተን ግድም ነው። ስለዚህ የቆዳው አቅም ግማሽ ያህሉ ምንም ሳይጫንበት ተይዞ ነበር ማለት ነው።

ይህ ቀመር ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ፣ ጅማ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ውስጥ ሜካኒካል ምህንድስና ለሚማር ልጅ ከባድ አይደለም። ሄርማታ መርካቶ አካባቢ ብረት የሚቆርጥ ሰው ደግሞ ቀመሩን ባያውቀውም ጠቅ የምትለዋን ድምፅ ያውቃታል። ሁለቱ አንድ ቱቦ ይዘው ከሰዓት በኋላ አብረው ቢቀመጡ ደስ ይለኛል። አንዱ ቁጥሩን፣ ሌላው እጁን ይዞ ይመጣል።

አራት ማዕዘኑ፣ አር ኤች ኤስ የምንለው፣ ሌላም ነገር ይጨመርበታል። አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ክብ ሆኖ ይበየዳል። ከዚያ ከአራት ወገን በሮለር ተጨፍልቆ ነው አራት ማዕዘን የሚሆነው። ባለ 40 በ40ው የሚወጣው ዲያሜትሩ 50 ግድም ከሆነ ክብ ቱቦ ነው። ስለዚህ ጠፍጣፋው ገጽ መጀመሪያ ጎብጧል፤ ኋላ ደግሞ በግድ ተቃንቷል። ማዕዘኑ ከዚያ ብሶበታል። የማዕዘኑ የውጭ ራዲየስ የውፍረቱን እጥፍ ያህል ነው። ለ1.5 ሚሊ ብረት 3 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። እዚያች ጠባብ ቦታ ላይ የውጭው ገጽ ከ30 በመቶ በላይ ተለጥጧል። በዚህ የተነሳ ማዕዘኑ ከጠፍጣፋው ይልቅ ጠንካራ ሆኗል። ግን ከዚህ በኋላ የመለጠጥ አቅሙ ተሟጧል። ማዕዘኑን በመዶሻ እየደበደቡ ቅርጽ ለማስያዝ ሲሞክሩ ቶሎ የሚሰነጠቀው ለዚህ ነው። የአውሮፓ የብረት ግንባታ ደንብም ከማዕዘኑ ጀምሮ እስከ ውፍረቱ አምስት እጥፍ ባለው ርቀት ውስጥ መበየድን የሚፈቅደው በቅድመ ሁኔታ ነው። ለቤት በር ይህ ብዙ አያስጨንቅም። ጣሪያ ለሚሸከም የብረት ማዕቀፍ (ትራስ) ግን ያስጨንቃል።

ሌላም የማይታይ ነገር አለ። አንድ ዓይነት ሁለት በርጋ ገዝተው አንዱ ሲቆረጥ ቀጥ ብሎ፣ ሌላው ሲቆረጥ ቀስት ሆኖ ሊያገኙት ይችላሉ። አንዱ ምክንያት ጥቅሉ ነው። የላሜራ ጥቅል መሃሉ ላይ ያለው ቀዳዳ ብዙ ጊዜ 508 ወይም 610 ሚሊ ሜትር ነው። 1.5 ሚሊ ላሜራ በ610 ሚሊ ዙሪያ ሲጠቀለል የሚደርስበት ልጠጣ 0.25 በመቶ ነው። ብረቱ ችሎ ከሚመለሰው 0.11 በመቶ ይበልጣል። ዲያሜትሩ 1.5 ሜትር በሆነው የጥቅሉ ውጫዊ ዙር ላይ ግን 0.1 በመቶ ብቻ ነው። ስለዚህ ከጥቅሉ ውስጠኛ ዙር የመጣው ቱቦ በቁመቱም ታሪክ ይዞ ይመጣል፤ ከውጭው ዙር የመጣው ብዙም አይዝም። ሁለቱም ከአንድ ፋብሪካ፣ ከአንድ ጥቅል፣ በአንድ ቀን የወጡ ናቸው። ስለዚህ «ይሄኛው ፎርጂድ ነው» ብሎ መፍረድ አያስኬድም።

በቁመት ያለው ውጥረት በግልጽ የሚወጣው ቱቦላሬ በርዝመቱ ሲሰነጠቅ ነው። አንዳንድ ሰው ወጪ ለመቀነስ አር ኤች ኤስ ለሁለት ሰንጥቆ ቦይ መሰል ብረት ያወጣል። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ግን ሁለቱ ግማሾች ጎብጠው ጎብጠው ይለያያሉ። ምክንያቱም በቁመትም የውጭው ገጽ ተጎትቶ፣ የውስጡ ተጨምቆ ነበር። ከግድግዳው ቀጭን ቁራጭ ቢያወጡ ጫፎቹ ወደ ውጭ ይቀለበሳሉ። እዚህ ላይ ከመጣመሙ የሚብስ አደጋ አለ። ስንጥቁ በአንዳንድ ቱቦ ላይ ይከፈታል፤ በአንዳንዱ ላይ ደግሞ ይዘጋል። ሲዘጋ የግራይንደሩን ዲስክ ቆንጥጦ ይይዛል። ዲስኩ ሊሰበር ወይም ማሽኑ ወደ ሰውዬው ተወርውሮ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ በየተወሰነ ርቀት ስንጥቁ ውስጥ ቀጭን ሽብልቅ ማስገባት፣ የዲስኩን መከለያ አለማውለቅ፣ በዲስኩ ትይዩ አለመቆም የግድ ነው። እንዲህ ዓይነት ሥራ ሲሠራ ሳይ መጀመሪያ የማየው ብረቱን ሳይሆን ሰውዬው የቆመበትን ቦታ ነው። አንድ ዘዴም አለ። ከዳር እስከ ዳር በአንዴ ከመሰንጠቅ ይልቅ በየመሃሉ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ሳይቆረጥ እየተዉ መሄድ፣ ከዚያ ሁለቱንም ግማሽ ከጠረጴዛ ጋር አስሮ የቀረውን መጨረስ። ጉብጠቱ አይጠፋም፤ ግን በድንገት አይመጣም።

አሁን ወደ ብየዳው እንምጣ። ብየዳ ከፋብሪካ በመጣው ውጥረት ላይ ሌላ ውጥረት ይጨምራል፤ ብዙ ጊዜም የሚብሰው ይህኛው ነው። ብረት በ100 ዲግሪ ሲሞቅ በየሜትሩ 1.2 ሚሊ ሜትር ያድጋል። ተራ ብረት ሳይጎዳ የሚለጠጠው ደግሞ 1.1 ነው ብለናል። ሁለቱን ያስተያዩ። ግራ ቀኙ ታስሮ እንዳያድግ የተከለከለ ብረት በ100 ዲግሪ ሙቀት ብቻ አቅሙ ያልቃል። የፈላ ውኃ ሙቀት ነው፤ እንዲያውም ጅማ ከፍታ ላይ ስላለች እኛ ዘንድ ውኃ ከ100 በታች ነው የሚፈላው። ብየዳው ላይ ያለው ብረት ግን ቀልጧል፤ ወደ 1,500 ዲግሪ ግድም ደርሷል። በዙሪያው ያለው ቀዝቃዛ ብረት እንዲያድግ አይፈቅድለትም። ስለዚህ በራሱ ላይ ተጨምቆ ይወፍራል። ሲቀዘቅዝ ደግሞ መኮማተር ይፈልጋል፤ አሁንም ዙሪያው ይይዘዋል። መጨረሻ ላይ ብየዳው ባለ በሌለ አቅሙ እንደተጎተተ ይቀራል። ዙሪያውን ወደ ራሱ ይስባል። ቱቦላሬ ሁልጊዜ ወደተበየደበት ወገን የሚጎብጠው ለዚህ ነው።

የበሩ ቋሚ ላይ ማጠፊያ ሲበየድ ይህን በግልጽ ማየት ይቻላል። ሦስቱም ማጠፊያዎች በአንድ ጎን ናቸው። ሦስቱም ቦታ ላይ ብረቱ ይኮማተራል። ቋሚው ወደ ማጠፊያዎቹ ወገን ይጎብጣል። በሩ ከመቃኑ ጋር ላይና ታች ላይ የሚጋጨው፣ መሃሉ ላይ ደግሞ ክፍተት የሚያሳየው ወይም የተገላቢጦሹ የሚሆነው ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው። ባለቤቱ ያን ጊዜ «ልኩን ስቶታል» ይላል። ልኩን አልሳተም። ማጠፊያውን ከላይ እስከ ታች ዘርግቶ ከመበየድ አጭር አጭር አድርጎ መበየድ፣ በየመሃሉ እንዲቀዘቅዝ መተው፣ ቋሚውን ከሌላ ቀጥ ያለ ብረት ጋር አስሮ መሥራት ጉብጠቱን በብዙ ይቀንሳል።

በማዕቀፉ ላይ ግን ከሁሉም በላይ የሚያጣምመው ሰፊ ክፍተትን በኤሌክትሮድ መሙላት ነው። በዚህ ላይ አጥብቄ እናገራለሁ። 45 ዲግሪው በትክክል ሳይቆረጥ ቀርቶ 4 ሚሊ ክፍተት ሲኖር «ብየዳው ይሞላዋል» ይባላል። ይሞላዋል፤ ችግሩ ያ ነው። የቀለጠው ብረት በበዛ ቁጥር የሚኮማተረውም ይበዛል። በትክክል ተቆርጦ የተገጠመ ማዕዘን ትንሽ ብረት ይበላል፤ ትንሽም ይጎትታል። የግማሽ ሰዓት ተጨማሪ ቆረጣ የግማሽ ቀን ማቃናት ያስቀራል። ከዚያ ደግሞ ቅደም ተከተሉ አለ። አራቱም ማዕዘን ጠብ ጠብ ተደርጎ ይያዝ። ከጥግ እስከ ጥግ ሁለቱም ሰያፎች ይለኩ፤ እኩል ካልሆኑ አሁኑኑ ይስተካከሉ፤ በኋላ አይሆንም። ከዚያ አንዱን ማዕዘን ጨርሶ ወደሚቀጥለው ከመሄድ ይልቅ ከአንዱ ወደ ትይዩው እየዘለሉ መበየድ ነው። በአንዱ ፊት ትንሽ፣ ገልብጦ በሌላው ፊት ትንሽ። እንዲህ ሲሆን አንዱ ጉተታ ሌላውን ያካክሰዋል።

ቱቦ የሚያጎብጡ ሰዎችም አሉ፤ የባጃጅ ጣሪያ፣ የወንበር እግር፣ የደረጃ መደገፊያ የሚሠሩ። ለእነሱ ትልቁ ነገር የፋብሪካውን ብየዳ መስመር የት እንደሚያውሉት ማወቅ ነው። መስመሩ በጉብጠቱ ውጫዊ ገጽ ላይ ከዋለ ይለጠጣል፤ ደካማ ከሆነ ይከፈታል። በውስጠኛው ላይ ከዋለ ይጨማደዳል። በጎን፣ ልጠጣውና ጭምቀቱ ዜሮ በሆነበት ቦታ ላይ ሲውል ይተርፋል። አንዴ ጎብጦ የተቃና ቱቦ ደግሞ እንደ አዲስ ቱቦ አይቆጠርም። ወደ አንድ ወገን ከአቅሙ በላይ የተጎተተ ብረት ወደ ተቃራኒው ሲመለስ ከበፊቱ ባነሰ ጉልበት ይረታል። ይህን ጀርመናዊው ዮሃን ባውሺንገር በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. ሙኒክ ውስጥ መዝግቦታል። እስከ ዛሬም በስሙ ይጠራል።

ባጃጅ ካነሳን፣ በያጆች ዘንድ በተደጋጋሚ የሚመጣው ስንጥቅ ብየዳው ራሱ ላይ ሳይሆን የብየዳው ጥግ ላይ፣ ብየዳው ከቱቦው ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ ላይ ነው። መንገዱ ያርገፈግፋል። ንዝረቱ በየሰከንዱ ብረቱን ይጎትታል፤ ይለቃል። አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆን ምንም አያመጣም። ግን የብየዳው ጥግ ቀድሞውንም በሙሉ አቅሙ ተጎትቶ የተቀመጠ ነው። በላዩ ላይ የሚመጣ እያንዳንዷ ንዝረት ከዜሮ አትጀምርም፤ ከጣሪያው ትጀምራለች። ስንጥቁ ላይ ብየዳ መደራረብ ለጊዜው ይይዛል። ኋላ ግን አጠገቡ ሌላ ስንጥቅ ይወጣል። የተሻለው ስንጥቁን እስከ ሥሩ በግራይንደር አውጥቶ በየዶ ጥጉን ማለስለስ ነው። ማጠናከሪያ ቁራጭ የሚጨመር ከሆነም ጫፉ ይበልጥ በሚርገፈገፈው ቦታ ላይ እንዳያርፍ ራቅ ማድረግ ነው።

ቋሚ ሆኖ ሸክም የሚሸከም ቱቦላሬ ላይም ነገሩ ቀላል አይደለም። ለረጅም ጊዜ የብረት ምሰሶ ከሒሳቡ ቀድሞ የሚጎብጠው ቀጥ ስላልሆነ ብቻ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። በአሜሪካ ሊሃይ ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ተመራማሪዎች ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እ.ኤ.አ. ባደረጉት ሥራ ቀሪ ውጥረት ትልቅ ድርሻ እንዳለው አሳዩ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ምሰሶው ላይ ሸክም ሲመጣ ቀድሞ የተጨመቀው ክፍል ቀድሞ ይረታል፤ ከዚያ በኋላ የሚሸከመው የቀረው ብቻ ነው። ዛሬ የአውሮፓ ደንብ በሙቀት የተጠናቀቀ ቱቦንና በቀዝቃዛ የተሠራ ቱቦን ለይቶ ያሰላል። ርዝመቱና ቅጥነቱ መካከለኛ በሆነ ምሰሶ ላይ በሙቀት የተጠናቀቀው ከሙሉ አቅሙ 67 በመቶ ያህል ሲፈቀድለት፣ በቀዝቃዛ የተሠራው 54 በመቶ ያህል ብቻ ይፈቀድለታል። መጠኑ አንድ፣ ውፍረቱ አንድ፣ መልኩ አንድ ነው። ልዩነቱ ውስጡ ነው። ጅማ ውስጥ ሱቅ ላይ የሚገኘው አብዛኛው ቱቦላሬ በቀዝቃዛ የተሠራው ነው። ስለዚህ ለበረንዳ፣ ለውኃ ታንከር ማማ ወይም ለቡና ማከማቻ ጣሪያ ቋሚ ሲታሰብ በግምት ሳይሆን በሚያሰላ ሰው ቢታይ ነፍስ ያድናል።

ዝናቡስ? ጅማ ዝናብ የማይጠግብ አገር ነው፤ ብረት ቶሎ ይዝጋል። ዝገቱን ከዚህ ውጥረት ጋር የሚያያይዝ ሰው ሊኖር ይችላል። በተራ ብረት በር ላይ ግን ዝገቱን የሚያመጣው ውኃና አየር ነው፤ በተለይ ቱቦው ውስጥ ገብቶ መውጫ ያጣ ውኃ። ክፍት ጫፎችን በብየዳ መድፈን፣ ለቀረው ደግሞ ታች ላይ የማፍሰሻ ቀዳዳ መተው መድኃኒቱ ነው። ውጥረትና እርጥበት አብረው የሚገድሉት ናስን ነው። የእንግሊዝ ጦር ሕንድ ውስጥ ይህን በኪሳራ ተምሮታል። የጥይት ቀለሆች በክረምት ዝናብ ወቅት በፈረስ ጋጣ አካባቢ ተቀምጠው ማንም ሳይነካቸው ይሰነጠቁ ነበር። ቀለህ በቀዝቃዛ ተስቦ የሚሠራ የናስ ቱቦ ነው። በ1921 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ምክንያቱ ግልጽ ሆነ። ቀሪ ውጥረት፣ ከጋጣው ሽንት የሚወጣ አሞኒያ እና እርጥበት አንድ ላይ መገናኘታቸው ነበር። ከሦስቱ አንዱን ማጥፋት በቂ ነው። ናሱን በ250 ዲግሪ አካባቢ ማሞቅ ውጥረቱን በጣም ይቀንሰዋል፤ ጥንካሬውን ግን ብዙም አይነካም።

ብረት ላይም ማሞቅ ይሠራል፤ ሙቀቱ ግን ከ550 እስከ 650 ዲግሪ መሆን አለበት። በዚያ ሙቀት ላይ አቆይቶ ቀስ ብሎ ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል። ለቦይለርና ለወፍራም ግፊት ተሸካሚ ታንከር ይህ ይደረጋል። ለቤት በር አያስፈልግም፤ የሚመች ምድጃም የለም። ከዚህም በላይ ቱቦው በቀዝቃዛ ሲሠራ ያገኘው ተጨማሪ ጥንካሬ አብሮ ሊቀንስ ይችላል። ውጥረት ሁልጊዜ መጥፋት ያለበት ነገርም አይደለም። የሚኒባስ የጎን መስታወት ሲሰበር እንደ ጠጠር የሚፈረካከሰው፣ ሳይሰበር ደግሞ ብዙ የሚችለው፣ ፋብሪካው ሆን ብሎ ገጹን ተጨምቆ፣ መሃሉን ተጎትቶ እንዲቀር ስላደረገው ነው።

የተጣመመውን በር ለማቃናትም ያው ጉልበት ያገለግላል። ብዙ ሰው የጎበጠ ቱቦላሬ ሲያይ መዶሻ ያነሳል። መዶሻ ግን ግድግዳውን ያሰረጉደዋል። ሙቀት ይሻላል። የጎበጠውን ቋሚ ስናይ ወደ ውጭ ያበጠ ጎን አለው። የሚሞቀው ያ ነው፤ የገባው ጎን አይደለም። ባበጠው ጎን መሃል ላይ ትንሽ ቦታ በጋዝ ነበልባል ደብዘዝ ያለ ቀይ እስኪሆን ብቻ ይሞቃል። ቦታዋ ማደግ ትፈልጋለች፤ ዙሪያዋ አይፈቅድላትም፤ ተጨምቃ ትወፍራለች። ስትቀዘቅዝ ከበፊቱ አጥራ ትኮማተራለች። ያበጠው ጎን ያጥራል፤ ቋሚው ይቃናል። ሲሞቅ መጀመሪያ ላይ ጉብጠቱ የባሰ ይመስላል፤ እዚያ ላይ ደንግጦ ማቆም አያስፈልግም። ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ ተጠብቆ በቀጥ ያለ ብረት ይለካል። ካልበቃ ሌላ ቦታ ይሞቃል እንጂ ያችው ቦታ አትደገምም። ደማቅ ቀይ ወይም ብርቱካንማ ከሆነ አልፏል። ቱቦው ጋልቫናይዝድ ከሆነ ደግሞ ዚንኩ ጭስ ሆኖ ይወጣል። ጭሱ ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚል ሕመም ያመጣል። ስለዚህ ዚንኩ መጀመሪያ ተፍቆ፣ ሥራውም ደጅ፣ ነፋስ ባለበት ቦታ መሆን አለበት።